ብራዚላዊቷን ከኦሎምፒክ ያስወጣት እጅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጁዶ ገና ጀማሪ ነኝ። ልምምድ ላይ ጓደኛዬን እግሯን ይዤ ብጥላት አሰልጣኛችን ጮኸብኝ። «አንዲት ብራዚላዊት በዚሁ ከኦሎምፒክ ተባራለች» አለኝ። ማን ናት? ከዚያስ ምን ሆነች?
(አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ልጄ፣ አሰልጣኝሽ እውነቱን ነው፤ መጮሁ ግን ምን አመጣው? ያነሳብሽ ራፋኤላ ሲልቫን ነው። በ57 ኪሎ የምትወዳደር፣ ሪዮ ደ ጃኔሮ ውስጥ ሲዳዴ ዴ ዴውስ በሚባል የድሆች ሰፈር ያደገች ልጅ ናት።

በእኛ ጊዜ ሁለት እግር አቅፎ መጣል ያስጨበጭብ ነበር፤ እኔም ነፍሴ ነበር። ኋላ ተወዳዳሪው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እግር ማሳደድ ያዘና ጁዶው ነፃ ትግል መሰለ። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ልብስ ጨብጦ እንዲጥል ስለፈለገ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከቀበቶ በታች በቀጥታ በእጅ መያዝን ከለከለ። ቅጣቱም መባረር ነበር። ራፋኤላ ለንደን 2012 ላይ ከሃንጋሪዋ ሄድቪግ ካራካስ ጋር ስትጋጠም እጇ እግር ላይ ገባ፤ ዳኞቹም አባረሯት። የዛሬው ደንብ በማስጠንቀቂያ ያልፋት ነበር።

ከመባረሩ የባሰው በኢንተርኔት የወረደባት ስድብ ነው። «ዝንጀሮ» አሏት። ጁዶን እርግፍ አድርጋ ልትተወው ነበር።

አልተወችም። በ2013 እዚያው ሪዮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ ከብራዚል ሴቶች የመጀመሪያዋ። በ2016 ኦሎምፒክ ደግሞ ሩብ ፍጻሜ ላይ ማን ቢደርሳት ጥሩ ነው? ካራካስ! አሸነፈቻት። በፍጻሜው ሞንጎሊያዊቷን ሱሚያ ዶርጅሱረንን ረትታ ለአገሯ የዚያን ኦሎምፒክ የመጀመሪያ ወርቅ አመጣች። እኔ ግን የምወድላት ሩብ ፍጻሜውን ነው።

መቼም ታሪኳ ወርቅ ብቻ አይደለም። በ2019 ሊማ ላይ በፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ፌኖቴሮል የተባለ የአስም መድኃኒት ተገኘባት። «ይህን መድኃኒት ከሚወስድ ሕፃን ጋር ስጫወት ነው የነካኝ» ብትልም ሁለት ዓመት ታገደች፤ ቶኪዮም አመለጣት። በ2022 ታሽከንት ላይ፣ በ30 ዓመቷ፣ እንደገና የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ፓሪስ 2024 ላይ ከድብልቅ ቡድኑ ጋር ነሐስ አገኘች።

አንቺም እጅሽን ከቀበቶ በላይ አድርጊ። እግርን በእግር መጥለፍ ግን አልተከለከለም፤ አሰልጣኝሽን «ኦሶቶ ጋሪ የሚሉትን የእግር ጠለፋ አሳየኝ» በዪው።