ጣሪያ መጠገን የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ከማኅበራችን ጋር የተቸገሩ ቤተሰቦችን እየዞርን እንጠይቃለን፣ አብረናቸውም እንጸልያለን። የአንዷ እናት ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ሻግቷል፣ ልጆቿን ሳል አይለቃቸውም። አዋጥተን እንጠግንላት ስል አንዳንዶቹ «የእኛ ሥራ ነፍስ ማዳን እንጂ ግንበኝነት አይደለም» አሉኝ። ተሳስቼ ይሆን? ካልተሳሳትኩስ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሳሳትሽም። ጓደኞችሽን ግን አትቆጫቸው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14ን ከቁጥር 33 ጀምሮ አብራችሁ አንብቡ።

እዚያ የቤት ለምጽ የሚባል ነገር አለ። ግድግዳው ላይ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ የሚያደላ ነገር ሲታይ፣ ባለቤቱ የሚሄደው ወደ ካህኑ ነው። ካህኑም ከመቀመጫው ሆኖ አይባርክም። ተነሥቶ ይሄዳል፣ ግድግዳውን ያያል። ቤቱን 7 ቀን ያዘጋል፣ ተመልሶም ያያል። ከተስፋፋ የተበላሹት ድንጋዮች ይወጣሉ፣ ውስጡ ይፋቃል፣ በሌላ ድንጋይ ይተካል፣ እንደ አዲስ ይመረጋል። ይህ ከዛሬው ሻጋታ ጋር አንድ ነው ብዬ አልከራከርም። ግን ግድግዳ ማየት ለካህን ክብሩን የሚነካ ሥራ አልነበረም።

እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ቁጥር 36 ነው። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ ያዛል። ለምን? ቤቱ ርኩስ ከተባለ ውስጡ ያለውም አብሮ ስለሚረክስ ነው። አስቢው፤ ሕጉ ለቤተሰቡ ምንጣፍና ድስት ሳይቀር ተጨንቋል። ልንረዳ ገብተን ያላቸውን እንዳናሳጣቸው የሚያስተምረን ይህ ነው።

ዘዳግም 22፥8ም አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ያን ጊዜ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይወጣበት ነበር። ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በዚያ ቤት ላይ ይሆናል ይላል። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም እኮ! አደጋው እያለ ዝም ማለቱ ብቻ ያስጠይቀዋል። እናንተም ያንን ጣሪያ አይታችኋል።

ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ለራቁቱና ለተራበው «በደኅና ሂዱ» ብቻ ማለት ምን ይጠቅማል ብሎ ጠይቋል። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ ሲያሠራ፣ ከጳጳስነቱ የወጣ መስሎ አልተሰማውም።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ እናትየዋን ጠይቋት። እናንተ ያያችሁት ሻጋታውን ነው፤ እሷን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ግን የተላጠው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ ሊገድል የሚችለው ይቅደም፦ ሽቦው፣ የዘመመው ግድግዳ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል። የከሰል ጭስ ባይታይ እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ሽታ የለውም፣ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ቀጥሎ ጣሪያው፣ የሻገተው ግድግዳ በመጨረሻ። ውኃው ሳይቆም ቀለም ብትቀቡት ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል። ስትፍቁ ልጆቹ እዚያ አይሁኑ፤ አሮጌ ቀለም እርሳስ (ሊድ) የሚባለው ብረት ሊኖረው ይችላል፣ አቧራው ለሕፃናት መርዝ ነው። ጣሪያው አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የጣሪያ ክዳን) ከሆነ ደግሞ አትስበሩት፣ አትብሱት። ሽቦና ተሸካሚ ግድግዳ ለባለሙያ ይተው። በጎ ፈቃደኞች ብንሆንም ኤሌክትሪክ አይምረንም።

ቤቱ የኪራይ ከሆነ ግን ቆም በሉ። ወጣት ሳለን የአንዲት እናት ቤት ጠገንን፤ ጣሪያ ቀየርን፣ ቀለም ቀባን፣ ዘምረን ወጣን። ብዙም ሳይቆይ አከራዩ «ቤቱ አምሯል» ብሎ ኪራይ ጨመረ። መክፈል አልቻለችም፣ ለቀቀች። ያስወጣናት እኛው ነን። እስከ ዛሬ ያመኛል። ስለዚህ አንድ ምስማር ከመምታታችሁ በፊት አከራዩን አነጋግሩ። ለተወሰነ ጊዜ ኪራይ እንደማይጨምር፣ እንደማያስወጣትም በጽሑፍ ይፈርም። ደግሞ እሱ ራሱ መጠገን ያለበት ካለ እሱ ይጠግን።

ፎቶ አታንሱ። የሻገተ ግድግዳዋ የእሷ ገመና ነው።

ጣሪያው እስኪሠራ ድረስስ ልጆቹ የት ይተኛሉ? ኢሳይያስ 58፥7 ቤት የሌለውን ድሃ ወደ ቤትህ አስገባ ይላል። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ገንዘቡን ከማንሳትሽ በፊት፣ ትርፍ ክፍል ያለው ማን እንደሆነ ጠይቂ።