ቅቤ፣ ዘይት፣ እንክብልና ደም ግፊት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ግፊት አለብዎት ተብያለሁ። ንጥር ቅቤ ጨርሼ ልተው?

መልስ፦ ጨርሰው መተው የለብዎትም፤ መጠኑን ግን ይቁጠሩ። ቅቤ ግፊትን በአንድ ጊዜ አያሻቅብም። ጉዳቱ አዝጋሚ ነው፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ያም በግፊት በተጎዳው የደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጋገረ ለልብ ድካምና ለስትሮክ ያጋልጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ገደማ የሚረጋ ስብ አለው። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ጣሪያው 22 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ሥጋና ወተቱ ሳይቆጠር ሦስት ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ያልፈዋል። ሽንኩርቱን ውኃ ጠብ እያደረጉ ያለ ዘይት ያብስሉት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ለአንድ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ይበቃል። መዓዛውም የሚጎላው መጨረሻ ላይ ሲገባ ነው።

ጥያቄ፦ በጾም የምንጠቀመው የሚረጋው ዘይትስ?

መልስ፦ ኑግ፣ ሱፍ ወይም ሰሊጥ ይሻላል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ መያዣው ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» መባሉ እውነት ቢሆንም ይህን አይለውጠውም። የትኛውም ዘይት ቢሆን አንዱ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነውና በቀን ለሰው ከሁለት አይለፍ። ሳምቡሳ የተጠበሰበትን ዘይት ደጋግመው አያሙቁ።

በጾም ወቅት ግፊትን ይበልጥ የሚያነሳው ግን ጨው ነው። ሽሮውም በርበሬውም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ላይ ሌላ ይጨመራል፣ ዳጣና አዋዜ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው ያስፈጩ፣ ከዚያ በማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያለች ልጄ የዓሣ ዘይት እንክብል ላከችልኝ። መድኃኒቱን ልቀንስ?

መልስ፦ እናቴ፣ በፍጹም እንዳይቀንሱ። ባለ 1000 ሚሊግራም እንክብል ውስጥ የሚፈለገው ኦሜጋ 3 ብዙውን ጊዜ 300 ሚሊግራም ብቻ ነው። ግፊት ላይ ለውጥ የሚታየው በቀን ከ2 እስከ 3 ግራም ሲወሰድ ነው፤ ይህ ከ7 እስከ 10 እንክብል ይሆናል፣ የሚያወርደውም 2 ወይም 3 ነጥብ ያህል ነው። መጠኑ ሲበዛ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ደግሞ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ «ሶዲየም የሌለው ጨው» ገዝቻለሁ። ለግፊት ጥሩ ነው አይደል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሁሉም ሰው ያንብበው። ያ ጨው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነና ፖታሲየም የሚያከማች መድኃኒት ለማይወስድ ሰው ይጠቅማል። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን ለሚወስድ፣ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አስቀድሞ ምልክት አይሰጥም። የፖታሲየም እንክብልም እንደዚያው ነው። መድኃኒትዎን ይዘው ፋርማሲ ይጠይቁ፣ የደም ምርመራም ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ተልባ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድስ?

መልስ፦ ከሦስቱ ተልባን አስቀድማለሁ። በጥናት ጥቅም የታየው በቀን 30 ግራም፣ ማለትም አራት የሾርባ ማንኪያ ገደማ የተፈጨ ተልባ ለወራት ሲወሰድ ነው። ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል። በአንድ ማንኪያ ጀምሩ፣ በቂ ውኃ ጠጡበት፤ ልጋጉ መድኃኒቱን እንዳያዘገየው በመሃል ሁለት ሰዓት ይኑር። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በወጥና በዳቦ ውስጥ መልካም ናቸው፤ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ግን ከአስፒሪን ወይም ከዋርፋሪን ጋር መድማትን ያባብሳል።

ጥያቄ፦ የጀመርኩት ነገር መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጡ፣ 5 ደቂቃ ተደግፈው ይቀመጡ፣ ክንድዎ በልብዎ ትይዩ ይሁን። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለቴ ለ7 ቀን እየለኩ ይመዝግቡ። ለወገብ ሕመም ዲክሎፈናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየወሰዱ ከሆነም ይጻፉት፤ ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ።