የኦቪድን «ሜታሞርፎሲስ» ከየትኛው የእንግሊዝኛ ትርጉም ልጀምር? (መልስ)

ውድ ጠያቂ፣ ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ስለ አማልክትና ስለ ሰዎች መለወጥ በላቲን የጻፈውን ረጅም የተረት ግጥም «ሜታሞርፎሲስ»ን በእንግሊዝኛ ግጥም ለማንበብ ከየትኛው ትርጉም መጀመር እንደሚሻል፣ የ1567ቱ የአርተር ጎልዲንግ ሥራም እስካሁን ለምን እንደሚወደስ ጠይቀዋል። እኔ በ2022 ከታተመው የስቴፋኒ መካርተር ትርጉም እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ ቤት በማይመታ፣ በአብዛኛው 10 ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ባለው ስንኝ የተሠራ በመሆኑ ትረካው ሳይደናቀፍ ይፈሳል፤ ከዚህም በላይ አማልክቱ በሴቶች ላይ የፈጸሙትን መድፈር ብዙ ቀደምት ተርጓሚዎች እንደ ፍቅር ሲያለዝቡት፣ እርሷ በስሙ ትጠራዋለች።

ከዚያ ወደ ጎልዲንግ ይሂዱ። ላቲኑ ቤት የማይመታ ባለ 6 ምት ስንኝ ሲሆን፣ ጎልዲንግ ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቤት የሚመታ ባለ 14 ቀለም ስንኝ ስለመረጠ፣ ርዝመቱን ለመሙላት በላቲኑ የሌሉ ቃላትን ይጨምራል። ይህ አንዳንዴ ያሰለቻል፤ አንዳንዴ ግን ድንቅ ነገር ይወልዳል። በ7ኛው መጽሐፍ አስማተኛዋ ሜዲያ የባሏን የኢያሶንን ሽማግሌ አባት ወደ ወጣትነት ለመመለስ ድግምት ስትደግም፣ ኦቪድ ነፋሳትን፣ ተራሮችን፣ ወንዞችን፣ ሐይቆችንና የጫካ አማልክትን ያስጠራታል። ጎልዲንግ በአማልክቱ ቦታ የእንግሊዝ ተረት ረቂቅ ፍጡራን የሆኑትን ኤልፎች አስገባ፤ ሼክስፒርም በ«ቴምፔስት» ተውኔቱ አስማተኛው ፕሮስፔሮ አስማቱን ሊተው ሲል በሚናገረው ንግግር እነዚያኑ ኤልፎች አስጠራ። እኔ ይህንን እንደ ስህተት አላየውም፤ ባዕድ ግጥም በአዲሱ አገር ቤት የሚሠራው እንዲህ ነውና። ሁለቱን ትርጉሞች ጎን ለጎን አድርገው ይህንኑ የሜዲያን ድግምት ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ልዩነቱን ጆሮዎ ወዲያው ይለየዋል።