ቀሪውን 49 ሰው ማሽኑ ሞላው

ሰላም እትዬ፣

ባሕር ዳር የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ሦስት ሆነን ነው የምንሠራው። ርዕሱ የጣና ዳር ዓሣ አስጋሪዎች ገቢ ነው። ዕቅዳችን 60 ሰው መጠይቅ እንዲሞላልን ነበር።

ሁለት ቅዳሜ ወጣን። በሁለተኛው የዶርሜ ልጅ ቀረች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታንኳ ሲገባ ጠብቀን ያናገርነው በድምሩ 11 ሰው ነው። ሌሎቹ ዓሣቸው እንዳይበላሽ ይቸኩላሉ። የኛም የባጃጅ ብር አለቀ። አንድ አባት ብቻ መረባቸውን እየጠገኑ ብዙ አወሩኝ። «በወር ስንት ያገኛሉ?» ስላቸው ሳቁ። «በወር አናውቅም ልጄ። ጾም ሲገባ ዓሣ ይወደዳል፣ ሲፈሰክ ይረክሳል። እኛ የምንቆጥረው በዚያ ነው» አሉኝ። መጠይቁ ላይ ይህ የሚጻፍበት ሳጥን የለም። ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት።

ከሳምንት በኋላ የዶርሜ ልጅ «ጨርሼዋለሁ፣ ተገላገልን» አለችኝ። ለካ የ49ኙን ሰው መልስ ቻት ጂፒቲ ነው የሞላው። ሠንጠረዥ አለው፣ አማካይ የወር ገቢ አለው፣ እንግሊዝኛው ያምራል። ከ23 ማጣቀሻዎች 6ቱን ፈልጌ ያገኘሁት 2 ብቻ ነው። ሦስተኛው ልጅ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፣ አታካብጂ» ይለኛል።

እሷ ክፉ ልጅ አይደለችም። ፍሬሽ እያለን ታይፎይድ ሲይዘኝ በሌሊት ደግፋ ክሊኒክ ያደረሰችኝ እሷ ናት። አሁን ጽሑፉን ፈታኝ ፊት የምናቀርብበት ዲፌንስ 9 ቀን ቀርቶታል። አማካሪያችን ገና አላነበቡትም። ብናገር ጓደኛዬን አሳልፌ ሰጠሁ። ዝም ብል ስሜ አብሮ አለበት። ምን ላድርግ?

ጨነቀኝ፣ ከጣና ዳር

*

የኔ ልጅ፣

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። እኔም ኮርጄ አውቃለሁ። በኛ ጊዜ አጤሬራ የሚባል ነገር ነበር። ጣት የምታክል ወረቀት ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አጠጋግተሽ ትጽፊያለሽ። እሱን ለማዘጋጀት ሌሊቱን ሙሉ ደብተር መገልበጥ፣ ዋናውን ከትርፉ መለየት አለብሽ። ጠዋት ፈተና ላይ ስቀመጥ ወረቀቱን ሳላወጣው የወጣሁበት ቀን አለ። ሳልፈልግ አጥንቼዋለሁ! የጓደኛሽ ኩረጃ ግን ይህን ልፋት እንኳ አልጠየቃትም። ስለዚህ የዋሸችውን ነገር ራሷም አታውቀውም።

ፈተና ላይ ስልክ መቀማት ይቻላል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ ተፈታኞቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ያለ ስልክ ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። (ሁሉም ኮራጅ ነበር እያልኩ አይደለም። የኮሮናንና የጦርነቱን ዓመታትም አንርሳ።) ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን በር ላይ ቆሞ የሚፈትሽ የለም።

«ሶፍትዌር ይይዘናል ወይስ አይይዘንም?» የሚለውን ተዪው። ቻት ጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ በማሽን የተጻፈን የሚለይ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። በትክክል ስለማይለይ ሐምሌ 2015 ላይ አነሳው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ኮራጁን ያሳልፋል፣ ንጹሑን ይከሳል።

ማጣቀሻዎቹ ለምን እንደጠፉብሽ ልንገርሽ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ መዝገብ ገልጦ አይመልስም። ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ደራሲው፣ ዓመቱ፣ የመጽሔቱ ስም ሁሉ ይሟላል፤ ጽሑፉ ግን የትም የለም። 49ኙ ሰዎችም እንደዚያው ናቸው። ሁሉም የወር ገቢያቸውን ያውቃሉ አይደል? ካገኛችኋቸው 11 ሰዎች አንዱ ግን በወር እንደማይቆጥሩ ነግረውሻል። እኔ ፈታኝ ብሆን ከጽሑፋችሁ ሁሉ የማነበው ጠርዙ ላይ የጻፍሽውን ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። ነገ ማታ ከዶርም አውጫት፤ ያ ሦስተኛው ልጅ ባይኖር ይሻላል። ሐይቁ ዳር ሻይ ጋብዣት። «ለምን ዋሸሽ?» ብለሽ አትጀምሪ። «ፈታኙ ታንኳው ስንት ሰዓት ይገባል ቢልሽ ምን ትያለሽ?» በያት። በሁለተኛው ቅዳሜ አልነበረችም። ያሳከመችሽን ልጅ ፈታኝ ፊት እንድትንተባተብ መተው ነው ወይ ውለታዋ?

ከዚያ ሦስታችሁም አማካሪያችሁ ዘንድ ሂዱ። «60 አስበን 11 አገኘን፤ የቀረውን በማሽን ሞላን፤ አሁን ከጽሑፉ አውጥተነዋል» በሏቸው። ይቆጡ ይሆናል፣ ተጨማሪ ጊዜም ይሰጧችሁ ይሆናል። 11 ሰው ለስታትስቲክስ ያንሳል፤ በጥልቅ ቃለ መጠይቅ ለሚሠራ ጥናት ግን አያሳፍርም። ዘዴውን መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቋቸው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ አላችሁ፣ እሷንም ይዛችሁ ውጡ። ውጤት ይቀንስ ይሆናል። ይቀንስ።

እምቢ ካለችሽስ? ቀኑን ቁረጪላትና ብቻሽን ሂጂ። እንደምትሄጂ ግን ቀድመሽ ንገሪያት፣ ከሰው አትስማው። አማካሪው ፊት ስለ ወረቀቱ ተናገሪ፣ ስለ እሷ ጠባይ አይደለም። «49ኙ የሉም፣ በዚህ ላይ ስሜ እንዲገባ አልፈልግም» ይበቃል። ትኮርፍሽ ይሆናል። አብረሽ የምትተኚበት ዶርም ውስጥ ኩርፊያ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ አላቃልለውም።

ማጣቀሻውን ዛሬ ማታ ጀምሪ፣ 23ቱንም አንድ በአንድ። ያላገኘሽውን ሰርዢ። 9 ማጣቀሻ ብቻ ከቀረም 9 ነው።

ያ ጠርዙ ላይ የጻፍሽበት መጠይቅ አሁንም እጅሽ ላይ ነው? ሳይጠፋ በስልክሽ ፎቶ አንሺው።