የበራውን ቱቦ አትክፈቱት

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ ከእናንተ አንዷ «የላምፕ ውጤቱ አረንጓዴ ካበራ በኋላ ቱቦውን ከፍቼ ጄል ላይ ባስኬደው ምን አለበት? እርግጠኛ ለመሆን ብዬ ነው» ብላ ጠየቀችኝ። ላምፕ የጥገኛ ተውሳክን ዲኤንኤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ አባዝቶ፣ ካለ አረንጓዴ የሚያበራ ምርመራ ነው፤ ጄል ላይ ማስኬድ ደግሞ የተባዛውን ዲኤንኤ በመጠኑ ለይቶ ማየት ነው። ለማረጋገጥ መፈለጓ የባለሙያ ወግ ነው። ጥያቄዋ ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ በዚሁ በጎ ሐሳብ ሰበብ አንድ ላብራቶሪ ለሳምንታት የተሳሳተ ውጤት ሲያወጣ ቆይቷልና።

ላብራቶሪው አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ማሞቂያ ነበረው። የሚሠራው የቁንጭር (የቆዳ ሌሽማኒያሲስ) ምርመራ ነው። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ቁንጭርን በአብዛኛው የሚያመጣው ሌሽማንያ ኤቲዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ። ሽኮኮ በሚኖርበት ገደል አጠገብ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮ ወደ ሰው ታሻግረዋለች። ቁስሉ በቆየ ቁጥር ጥገኛው ስለሚመናመን በአጉሊ መነጽር የሚታየው ስላይድ ብዙውን ያመልጠዋል። ሰዉ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ጸበሉንም የባህል መድኃኒቱንም ከሞከረ በኋላ ነው። በዚህ ማንንም አትውቀሱ፤ ጸበሉ ቅርብ ነው፣ ሆስፒታሉ ሩቅ። ላምፕ ሲመጣ ደስታው ትልቅ የሆነውም ለዚህ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ንጥረ ነገሩ በቱቦው ክዳን ውስጥ ደርቆ ይመጣል። 30 ማይክሮሊትር ዲኤንኤ ትጨምራላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ ገልብጣችሁ 2 ደቂቃ ታቆያላችሁ፣ ታዋሕዳላችሁ። ከዚያ በ65 ዲግሪ 40 ደቂቃ፣ በቱቦው ውስጥ ያለውን የማባዛት ምላሽ ለማስቆም በ80 ዲግሪ 5 ደቂቃ። ከስምንቱ ቱቦ ስድስቱ የታካሚ፣ አንዱ መብራት ያለበት ፖዘቲቭ ኮንትሮል፣ አንዱ መብራት የሌለበት ንጹሕ ውሃ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃው አንድም ቀን አልበራም።

አንድ ትጉህ ልጅ የበሩትን ቱቦዎች ከፍቶ ጄል ላይ አስኬዳቸው። ላምፕ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጥቂቱን ቅጂ ወደ ቢሊዮን ያበዛል። ክዳኑ ሲነሣ ዓይን የማያየው ጤዛ ይረጫል፤ ጓንቱ ላይ፣ ፒፔቱ (የፈሳሽ መቅጃው) ላይ፣ የበሩ እጀታ ላይ ያርፋል። በማግስቱ የውሃው ቱቦ በራ።

የሚቆጨኝ ቱቦው መከፈቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። «ውሃው ተበክሎ ይሆናል» ተባለና አዲስ ውሃ ተከፈተ፣ ምርመራው ተደገመ። በዚያኛው ዙር ውሃው ጨለማ ሆነ። ተገላገልን ተብሎ ውጤቱ ተፈርሞ ወጣ። ብክለቱ ግን አልሄደም። ብክለት አንዱ ቱቦ ውስጥ ይወድቃል፣ አንዱን ይዘለዋል፤ አንዲት የውሃ ቱቦ ብቻዋን ስለ ሰባቱ ልትመሰክር አትችልም። ኮንትሮሉ እስኪያምር መድገም ማስረጃን ማጥፋት ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታትም ውሃው በበራ ቁጥር እንዲሁ ተደገመ።

በዚያ ጊዜ ከወጡት ውጤቶች አንዱ ፊቷና የጆሮዋ ጫፍ ያበጠባት የአንዲት እናት ነበር። የተስፋፋ ቁንጭርና ሥጋ ደዌ በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ። ወረቀቱ «ፖዘቲቭ» ስላለ በኪሎ 20 ሚሊግራም ስቲቦግሉኮኔት የተባለ የቁንጭር መድኃኒት ለ28 ቀን በየዕለቱ ተወጋች። መድኃኒቱ ያማል፤ ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ ይችላል። አልተሻላትም። በመጨረሻ አንድ ነርስ በጥጥ ጫፍ እጇን ነካክቶ እንደማይሰማት አየ፤ ስላይዱ ሲታይ ሥጋ ደዌ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ግን ሁለት ጣቶቿ መታጠፍ ጀምረው ነበር። ሳምንታቱን ማንም ሊመልስላት አልቻለም።

ስለዚህ ውሃው ከበራ የዚያ ዙር ውጤት በሙሉ ይጣላል፤ የታካሚውም ጭምር። ንጥረ ነገሩ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይጣላል። ከአንድ ይልቅ ሁለት የውሃ ቱቦ ይኑር፤ አንደኛው ከዲኤንኤ ማውጣቱ ሥራ ጀምሮ እንደ ታካሚ ናሙና ሁሉንም ደረጃ ይለፍ። ሁለት ክፍል ከሌላችሁ ሁለት ጠረጴዛና ሁለት ፒፔት ይኑራችሁ፤ ከንጹሑ ወደ ቆሸሸው እንጂ በዚያው ቀን ወደ ኋላ አይመለስም። ጠረጴዛው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆይበት፣ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። አልኮል ብቻውን ዲኤንኤን አያጠፋም። ያገለገሉ ቱቦዎችን በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) አታስገቡ፤ በሙቀቱ ክዳን ከተከፈተ ብክለቱን ለክፍሉ ሁሉ ያዳርሰዋል። 40ውንም ደቂቃ «ለማንኛውም» ብላችሁ አታርዝሙ፤ ማባዛቱን የሚያስጀምሩት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች (ፕራይመሮቹ) እርስ በርስ ተያይዘው ያለ ጥገኛ ሊያበሩ ይችላሉ። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ካቆመበት አትቀጥሉ፣ ከአዲስ ጀምሩ።

የእናንተ ትውልድ ፈጣን ነው፤ ማሽኑን ሳትማሩት ትነዱታላችሁ፣ ይህን አደንቃለሁ። ነገር ግን የበራውን ቱቦ በስልክ አንስታችሁ ትልካላችሁ፣ የውሃውን ቱቦ ግን መዝገብ ላይ አትጽፉም። መዝገቡ ቢጻፍ ኖሮ የውሃው መብራት ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ በሦስተኛው ቀን ይታይ ነበር።

ናሙና አወሳሰድ ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። የሚወሰደው ከሞተው የቁስሉ መሀል ሳይሆን ካበጠውና ከቀላው ጠርዝ ነው። ቅርፊቱን አንሱ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ቆዳውን ደም እስኪሸሸው ቆንጥጣችሁ ይዛችሁ በ15 ቁጥር ምላጭ 5 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 3 ሚሊሜትር ጥልቀት ሰንጥቁና ጎኑን ፋቁ። ደም ከበዛ በውስጡ ያለው ሂም የተባለ ንጥረ ነገር ምላሹን ያፍነዋል፣ ሐሰተኛ ነጌቲቭ ታገኛላችሁ። ዲኤንኤውን በቼሌክስ (ማዕድናትን በሚይዙ ደቃቅ ፍሬዎች) የምታወጡ ከሆነ ከላይ ካለው ፈሳሽ ብቻ ቅዱ፤ አንዲት ፍሬ ቼሌክስ አብራ ከገባች ማግኒዥየሙን ትወስደውና ኢንዛይሙ ይቆማል። በፎርማሊን የተቀመጠ ናሙና አትቀበሉ።

ስላይድ ብዙ ያመልጠዋል ብያለሁ። ያም ሆኖ ከዚያው ፍቅፋቂ አንድ ስላይድ በጊምሳ ማቅለሚያ ቀቡ። የጥገኛውን ኒውክሊየስና ኪኔቶፕላስት የተባለውን ትንሽ የዲኤንኤ ነጥቡን በአንድ ሴል ውስጥ አብረው ካያችሁ ያን ማንም ብክለት አያመጣውም። ለሥጋ ደዌም ሌላ ስላይድ አስቀሩ፤ ናሙናውን ከመውሰዳችሁ በፊት በጥጥ ጫፍ ቆዳውን ንኩ።

ለጠየቅሽኝ ልጄ፦ ለማረጋገጥ ከፈለግሽ ከናሙናው የተረፈውን ዲኤንኤ ወደ ማጣቀሻ ላብራቶሪ ላኪውና አይቲኤስ-1 በሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ላይ ፒሲአር (ሌላ የዲኤንኤ ማባዣ ምርመራ) ይሥሩለት፤ በዚያውም ዝርያው ይታወቃል። የበራው ቱቦ ግን እንደተዘጋ በሁለት ከረጢት ታሽጎ ወደ ማቃጠያው ይሂድ።