ፖታሲየም 8.2፣ ካልሲየም በጣም ዝቅተኛ፤ ታካሚው ግን ደህና

በደም ምርመራው ፖታሲየሙ ከመጠን በላይ ከፍ፣ ካልሲየሙ ደግሞ በጣም ዝቅ ብሎ ታካሚው ግን ደህና ስለሆነ ምን ላድርግ ብለው ጠይቀዋል። ናሙናውን ያስወግዱና ከሌላ ክንድ እንደገና ይቅዱ፤ ለሐኪሙም ወዲያውኑ ይንገሩ። ያንኑ ናሙና ደግመው ቢያስነብቡት ማሽኑ ያንኑ ስሕተት በታማኝነት ይደግምልዎታል።

ሴረሙ (ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ) አልቀላም ስላሉ፣ የደም ሕዋሳቱ ፈርሰው አይመስለኝም። የምጠረጥረው በሐምራዊው ቲዩብ ውስጥ ያለውን ኢዲቲኤ፣ ማለትም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ኬሚካል፣ ነው። በአብዛኛው የፖታሲየም ጨው ስለሆነ ፖታሲየሙን ይጨምራል፤ ካልሲየሙን ደግሞ አስሮ ከምርመራው ይሰውረዋል። ሁለቱ አብረው ሲዛቡ ሌላ ምክንያት ከመፈለግ በፊት እሱን ያስቡ።

የአንዱ ቲዩብ ኬሚካል ወደ ሌላው እንዳይገባ ሲቀዱ በክዳኑ ቀለም ቅደም ተከተል ይሂዱ፦ ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ግራጫ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቀዩ ቲዩብ ያለው ደም ሲጎድል የሐምራዊውን ክዳን ከፍቶ ጥቂት ወደ ቀዩ ማንቆርቆር በተጨናነቁ ክፍሎች ደጋግሜ ያየሁት ልማድ ነው። ናሙናውን ማን እንደቀዳው ይጠይቁ፤ ግን ሳይቆጡ፣ አለበለዚያ እውነቱን አይነግርዎትም።