አንድ ድሮፕቦክስ ለሁለት ሰው፣ በአንድ ኮምፒውተር

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንደገባኝ ለገጣፎ ቢሮአችሁ ውስጥ አንድ ዴስክቶፕ አለ። አንቺና የሥራ ባልደረባሽ ዊንዶውስ ላይ የየራሳችሁ አካውንት አላችሁ፤ የድሮፕቦክሱ (ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ፕሮግራም) ፎልደር ግን ባንቺ በኩል ብቻ ነው የሚከፈተው። እኛም ቱሉ ዲምቱ ባለችው ጽሕፈትና ኮፒ ቤታችን በፈረቃ ስለምንሠራ ያው ነው ነገሩ። ለኛ የሠራልንን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ለሱም ድሮፕቦክስ ክፈቺለትና ሼር አድርጊለት ይልሻል። ይሠራል፣ ግን እኔ አልመክርሽም። አንዱ ፋይል እዚያው ዲስክ ላይ ሁለቴ ይቀመጣል። ሼር የተደረገ ፎልደር ደግሞ ድሮፕቦክስ ላይ የሁለታችሁንም ቦታ ይበላል፤ ነፃው 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ከሁሉም የሚብሰው፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር አንቺ ያስተካከልሽው ፋይል እሱ ጋ አይደርስም፣ አንድ ወንበር ላይ እየተፈራረቃችሁ! ሁለቱን ድሮፕቦክስ ወደ አንድ ፎልደር ማዞርን ግን በፍጹም እንዳትሞክሪው፤ ፋይሎቹ ይጋጩና የትኛው ትክክለኛው እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል።

የሚሻለው ይሄ ነው፤ ሲንክ የሚያደርገው (ዲስኩ ላይ ያለውን ኢንተርኔት ላይ ካለው ጋር የሚያመሳስለው) ያንቺ አካውንት ብቻ ይሁን፣ ፎልደሩ ግን ካንቺ የግል ቦታ ይውጣ። አሁን ያለው በስምሽ ፎልደር ውስጥ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ለሌላ ሰው አይከፍትም። ድሮፕቦክስ ፕረፈረንስ ውስጥ ገብተሽ ሲንክ የሚለው ጋ ቦታውን ወደ ዲ ድራይቭ ቀይሪው። በእጅሽ ጎትተሽ እንዳታዛውሪው፣ በራሱ በፕሮግራሙ ነው የሚዛወረው። ከዚያ ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ ኤዲት ብለሽ ዩዘርስ ለሚለው ሞዲፋይ ስጪው። አለቀ፣ እሱም ይከፍታል፣ ይጽፋል።

ፋይሎቹ ኦንላይን ብቻ ከተቀመጡ ግን እሱ ጋ አይከፈቱም። ስለዚህ ኦፍላይን እንዲገኙ አድርጊያቸው፣ ዲስኩ ላይ በትክክል ይውረዱ።

አሁን ዋናው ነገር። ድሮፕቦክስ የሚሠራው ያንቺ አካውንት ክፍት እስከሆነ ድረስ ነው። ስትወጪ ሳይን አውት አትበይ፣ ስዊች ዩዘር በይ፤ ከኋላ ሆኖ መሥራቱን ይቀጥላል። እኛ ሰፈር እንደሚሆነው መብራት ሄዶ ሲመጣና ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ሲነሳ፣ እሱ ብቻ ቢገባ የሠራው ሁሉ ዲስኩ ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። አንቺ መጥተሽ ስትገቢ ይወጣል። እስከዚያ ግን ባክአፕ የለውም ማለት ነው፣ ይህን አስረጂውና ተጠንቀቁ።

ሞዲፋይ ሰጠሽው ማለት ደግሞ ማጥፋትም ይችላል ማለት ነው፤ እሱ ያጠፋው ስልክሽም ላይ ይጠፋል። በነፃው አካውንት የጠፋ ፋይል ድሮፕቦክስ ድረገጽ ላይ ገብተሽ እስከ 30 ቀን ድረስ መመለስ ትችያለሽ። የደመወዝ ዝርዝርና የግል ነገርሽን ግን እዚያ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጪ። ሴኩሪቲ የሚለው ጋ ዩዘርስን ካጣሽው የስክሪኑን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ አይልሻለሁ።